ከብቱ ላይ ሲደርስ የሚቋረጠው ስልክ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ገሠሠ ቢቸና ገበያ ዳር ከነበረ የእንጨት ምሰሶ ሥር አቆሙኝና የወገብ ቀበቶ፣ የመውጫ ብረት፣ ፒንሳና የመፈተሻ ቀፎ አስታቀፉኝ። ቀፎው ጥቁር ነው፤ ከጀርባው ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ በየሽቦው ጫፍ መቆንጠጫ አለ። ወጥተህ መስመሩን ቆንጥጥና ስልክ ቤት ደውል አሉኝ። ወጣሁ። ምሰሶው እኔን ይዞ የሚወድቅ እየመሰለኝ ነበር።

አንዲት ሴት አነሣች። «ቢቸና» አለች። ከዚያ ሁሉ ፍርሃት በኋላ የሰው ድምፅ ስሰማ ደስ አለኝና እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ አዲሱ ሠራተኛ ነኝ፣ ቤታችን ከእንትና ቤት በላይ ነው እያልኩ ሰላምታዬን አስከተልኩ። ጋሽ ገሠሠ ከሥር ምሰሶውን በመዶሻ ቀጠቀጡት። ስወርድ አንድ ሕግ ነገሩኝ። «መስመር ላይ የምትለው ሃሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ይሰማል? ብቻ ነው። ከተሰማ ትዘጋለህ። መስመሩ የደንበኛ ነው፤ ያንተ የወሬ መንደር አይደለም።»

ያቺ ሴት የሻረግ ነበረች። ሕጉን ደግሞ ሥራዬን እስከምጨርስ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ይህ ጽሑፍ የሁለቱ ነው፤ የእሷና የሕጉ።

ከመስመር ሠራተኛነት ወደ ረዳት ቴክኒሺያን፣ ከዚያም ወደ ቴክኒሺያን አደግሁ። በዚያ ዘመን ብልሽት በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። ሽቦ ይበጠሳል፤ ምሰሶ ይወድቃል፤ ዛፍ ይጫነዋል። ከየጁቤ በታች ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ መስመር ላይ ዝንጀሮ እየተንጠላጠለ አስቸግሮን ከርሞ፣ እኔ ተልኬ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ሳባርር ዋልኩ። ስመለስ ባለቤቴ ዛሬ ምን ሠራህ አለችኝ። ዝንጀሮ አባረርኩ ስላት፣ ታዲያ ቴክኒሺያን ያሉህ ለምንድን ነው፣ ይህንማ ወንድሜ በነጻ ይሠራዋል ብላ ሳቀችብኝ።

የሻረግ በዚያው ጊዜ የማገናኛ ሰሌዳው ፊት ተቀምጣ ገመድ ትነቅላለች፣ ገመድ ትሰካለች። የአገሩ ሁሉ ጋብቻ፣ ሙግትና መርዶ በጆሮዋ ሥር ያልፋል። ከተማው ውስጥ የስልክ ሴት ሁሉ ታዳምጣለች የሚል እምነት ነበር። እሷ ታዳምጥ አታዳምጥ እግዜር ይወቅ፤ እኔ የማውቀው ከአፏ አንድ ነገር ሲወጣ አለመስማቴን ነው። አንድ ጊዜ የገዛ እህቷን ባል ሹመት የሚያበሥረውን ጥሪ እሷ አገናኝታ፣ እህቷ ወሬውን ከጎረቤት ሰምታ ተቀይማታለች። ለምን አልነገርሻትም ብላት፣ እኔ ገመድ ነው የሰካሁት አለችኝ።

ስልኩ ሁሉ ያለ ሰው እጅ የሚደዋወል ሲሆን ሰሌዳው ዕቃ ቤት ገባ፣ የሻረግም ቤቷ ገባች። እኔ ጥቂት ዓመት ቆይቼ ወጣሁ፤ አንድ የእህልና የምርጥ ዘር ድርጅት በዋና ቴክኒሺያንነት ቀጠረኝ። ዋና ይባል እንጂ ከእኔ ሌላ ቴክኒሺያን አልነበረም። ዋናው መሥሪያ ቤት ቢቸና ነው፤ ትልቁ መጋዘን ሞጣ። ድርጅቱ ስልክ ተቀባይ ሲፈልግ የሻረግን ይዤ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ስሜነህ ዕድሜዋን አይተው አመነቱ፤ ስልክ አንሥታ ስትናገር ሲሰሙ ቀጠሯት።

የኢንተርኔት ስልክ የመጣብን ያኔ ነው። ሄኖክ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከአዲስ አበባ የጫማ ካርቶን የምታህል፣ ጥሪ የምታገናኝ ሰርቨር ታቅፎ መጣ። እኔ ምሰሶ ላይ ያረጀሁ ሰው ሳጥኗን ዞሬ ዞሬ አየኋትና ሽቦዎቹስ አልኩት። አንድ ገመድ አሳየኝ፤ ሁሉም ስልክ በዚህ ይገባል አለኝ። አላመንኩትም። ያላመንኩትን ነገር ደግሞ ቶሎ እማራለሁ፤ ሲሳሳት ልይዘው ስለምፈልግ።

ፖርት ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ፣ ሰርቨሩን እንደ ትልቅ ግቢ ቁጠሩት፣ በሮቹ ቁጥር አላቸው አለ። አምስት ሺህ ስልሳ የተባለው በር የጥሪ በር ነው፤ ማን ለማን ደወለ፣ ተነሣ ወይስ አልተነሣ የሚለው መልእክት በዚያ ይገባል ይወጣል። ድምፁ ራሱ በዚያ አያልፍም። እሱ ከአሥር ሺህ እስከ ሃያ ሺህ ከተደረደሩት በሮች አንዱን ይዞ ይሄዳል። ውጭ ያለው በር ጠባቂ ራውተሩ ነው። የጥሪው በር ተከፍቶ የድምፁ በር ከተዘጋ ስልኩ ይጠራል፣ ይነሣል፣ ከዚያ እንደ መቃብር ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ሰሞን የደረሰብን የእሱ ግማሽ ነበር። ሞጣ እኛን ይሰማል፤ እኛ ሞጣን አንሰማም። አቶ ስሜነህ ቀፎውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉሃል ይህ ነው፣ ቤቱን ስልክ በስልክ አድርጌ ድምፅ አጣሁ አሉ። ሄኖክ በስልክ እየመራኝ ራውተሩ ላይ ገብቼ የድምፁን በሮች በገዛ እጄ ከፈትኩ። ሃሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ይሰማል? ተሰማ። ዘጋሁ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ጣጣው የመጣው በኋላ፣ መስመር ስንለውጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢቸናንና ሞጣን የሚያገናኛቸው የራሳችን የኪራይ መስመር ነበር፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እንደ አንድ ግቢ ሆነው ይተያያሉ። ውድ ነው ተባለና ወደ ተራው ኢንተርኔት ተዛወርን። ሄኖክ መጥቶ አዲሱን ራውተር ተከለ፤ አብረን በሮቹን ከፈትን፤ ወደ ሞጣ ደወልን፣ የሞጣውን ዘበኛ አስደወልን። ሃሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ይሰማል? ይሰማል። ሄኖክ በማግስቱ ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ከሞጣ አቤቱታ ይጎርፍ ጀመር። ቀዳሚው የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ምንይችል ነበሩ። የመርጡለ ማርያም ካህናት ዘር ናቸው፤ ንግግራቸው የረጋ፣ ሰው የማያስቀይሙ፣ ሰው ሲያስቀይማቸውም የማይረሱ። መጋዘኑ ከእግር እስከ ራሱ ቆርቆሮ ስለሆነ ሞባይል ውስጡ አይሠራም። ስለዚህ የጠረጴዛው ስልክ ነው መተንፈሻቸው። ያቺ ሴትዮ ስልክ ትጠረቅምብኛለች አሉ። ከእሳቸው በኋላ የሞጣ ሒሳብ ሹም፣ ቀጥሎ የሽያጩ ሰው። የሁሉም ቃል አንድ ነው፤ የሻረግ ታነሣለች፣ ጥቂት ይወራል፣ ከዚያ ይጠረቀማል።

አቶ ስሜነህ ከራሳቸው ጠረጴዛ ሞጣ ደውለው ረጅም አወሩ፤ አልተቋረጠም። እኔም ደወልኩ፤ አልተቋረጠም። ዘበኛውን ከሞጣ አስደወልኩት፤ ሃሎ፣ ይሰማል፣ አልተቋረጠም። መሣሪያው ደህና ከሆነ የቀረው እጅ ነው። ከሞጣ ሲደወል መጀመሪያ የሚያነሣው እጅ ደግሞ የሻረግ ነው። እሷ ግን በተጠየቀች ቁጥር እኔ አልዘጋሁም ትላለች።

ይባስ ብሎ የልጅ ክርስትና ኖሮባት አንድ ቀን ቀረች። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ተተካላት። እሱ «ማንን ነው?» ከማለት ሌላ ቃል አያወጣም። የዚያን ዕለት ከሞጣ አንድም አቤቱታ አልመጣም። ምክንያቱን በኋላ ሰማሁት፤ ሞጣዎች እንደዚያ ሲመለስላቸው ተቀይመው ጉዳያቸውን በሁለት ቃል እየነገሩ ራሳቸው ይዘጉ ነበር። ያኔ ግን ይህን ማን አወቀ? እኔ ራሴ እሷ ትሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ።

አቶ ስሜነህ ሰላምታ ይጠር የሚል ወረቀት ጠረጴዛዋ ፊት ለጠፉ። የሻረግ አነበበችውና፣ ሰላምታ የእግዜር ነው፣ የሰጠኝን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው አለችኝ። እንደ ልማዷ ቀጠለች። አቤቱታውም ቀጠለ። ከዚያ ወሬው ተነሣ፤ እያዳመጠች፣ መስማት የምትፈልገውን ስትሰማ ትዘጋዋለች የሚል። ለድሮ የስልክ ቤት ሴት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሌባ ቢሏት ይሻላት ነበር።

ሐሙስ ዕለት አቶ ስሜነህ ጠሩኝ። እርስዎ ያመጧት ሰው ስለሆነች አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው አሉ፤ ሰኞ ታስረክባለች። ሞጣ ሄጄ በዓይኔ ልየው ብዬ ለመንኳቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ይሂዱ አሉኝ፤ ግን ምንም እንደማይጠብቁ ፊታቸው ይናገራል።

ለየሻረግ እኔ ብነግራት ይሻላል ብዬ ሄድኩ። ሰምታዋለች። የጆሮ ማዳመጫዋን ገመድ በጣቷ እየጠቀለለች ነበር። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ፣ የአንቺ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ አልኳት።

«ሥራውስ ይሂድ፤ ከዚህ በፊትም ሄዷል» አለች። «ታዳምጣለች ተብዬ ግን አልውጣ።»

ዓርብ ማለዳ በሚኒባስ፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ምንም ሳላገኝ ብመለስ ያቺን ሴት በምን ዓይኔ አያታለሁ። ምሰሶ ላይ ሆኜ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ድምፅ እኔ ባስገባኋት መሥሪያ ቤት በስድብ ልትወጣ ነው። ቁርስም ሳልበላ ነበር የወጣሁት።

ጋሽ ምንይችል ወንበር ሰጡኝ። የጠረጴዛቸውን ስልክ አንሥቼ ቢቸና ደወልኩ። ሃሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ይሰማል? የሻረግ ይሰማል አለች። ዘጋሁ። ደገምኩ። ደህና ነው። ገመዱን፣ መሰኪያውን፣ ትንሿን ራውተር ፈታትሼ አሁንም ደወልኩ። ደህና ነው። ጋሽ ምንይችል ቁጭ ብለው በትዕግሥት ሲያዩኝ ቆይተው፣ እስቲ ለእኔ ስጠኝ አሉ።

ቀፎውን ያዙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሻረግ ስታነሣ ጀመሩ። እንዴት ሰነበትሽ፣ ደህና ነሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ከብቱ። ልብ በሉ፣ የሻረግ አንዲት ላም የላትም። ከተሜ ናት። ግን ከብት ሳይጠየቅ ሰላምታ አልቋል አይባልም። ከብቱ ደህና ነው ወይ ብለው ሳይጨርሱ ጡጥ፣ ጡጥ፣ ጡጥ አለ። ቀፎውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየኻት? ጠረቀመችው። ሁልጊዜ ከብቱ ላይ ስደርስ ነው።»

ጆሮዬን ቀሰርኩ። ሁልጊዜ? አልኳቸው። ሁልጊዜ አሉኝ፤ እንዲያውም ከብት የለኝም ብላ ያሾፍኩባት መስሏት ይሆን ብዬ አስቤአለሁ አሉ። እባክዎ ይድገሙት አልኳቸው። ደገሙት። ከብቱ ላይ ተቋረጠ። አሁንም ደገሙት። ከብቱ ላይ።

ጋሽ ምንይችል ሰላምታን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የሚያደርሱት፤ አይፈጥኑም፣ አይዘገዩም፣ ቃል አይዘሉም። የተናደደ ሰው ስልክ ቢዘጋ አንዴ ልጆቹ ላይ፣ አንዴ ጎረቤቱ ላይ፣ አንዴ ገና ሲጀመር ይዘጋል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆርጥ እጅ የለም። እንዲህ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ሰዓቴን ይዤ ብለካው ግማሽ ደቂቃ ያህል ሆነ። የእኔ ሃሎ ደግሞ ከብቱ ቀርቶ ልጆቹ ጋ እንኳ አትደርስም።

ሞባይሌን ይዤ ከቆርቆሮው ወጣሁና በሩ ላይ ሆኜ አቶ ስሜነህ ጋ ደወልኩ። አንድ ነገር ለመንኳቸው። የሻረግ ወንበር ላይ ራሳቸው ይቀመጡ፤ እሷ ከጠረጴዛው ርቃ ትቁም፤ ከሞጣ ስልክ ሲመጣ እሳቸው ያንሡ፤ ጋሽ ምንይችል የሚሉትን ሁሉ ሳያቋርጡ ይመልሱ። ሥራ አለብኝ አሉ። የሰው ስም ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አልኳቸው። ተቀመጡ።

ጋሽ ምንይችል አለቃቸው ማንሣታቸውን ሲያውቁ ተነሥተው ቆሙ፤ ሰላምታውንም በአንቱታ አደረጉት። ከወዲያ በኩል የሆነውን የሻረግ ነች ያጫወተችኝ። መስኮቱ ሥር እጇን አጣምራ ቆማለች። አቶ ስሜነህ ደህና፣ ደህና፣ ይመስገን፣ ደህና እያሉ በእርሳስ ጠረጴዛውን ይመታሉ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ። ቀፎውን ከጆሯቸው አውርደው አዩት። የመዝጊያውን ቁልፍ አዩ፤ ጣታቸው እሱ ላይ የለም።

ሞባይሌ ጠራ። አቶ ስሜነህ ናቸው። 

«እኔ አልዘጋሁም» አሉ።

ቃሉ ራሱ ነው፤ የሻረግ ያን ሁሉ ሰሞን ስትለው የነበረው።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «እሷም አልዘጋችም።»

እፎይ አልኩ። ገና ምኑም አልተጠገነም፤ ቢሆንም ያን ጊዜ የተነፈስኩትን ትንፋሽ አልረሳውም። ጋሽ ምንይችል ምን ሆነ ሲሉኝ፣ አለቃዎም ከብቱ ላይ ጠረቀሙብዎት አልኳቸው። እንግዲያው ያችን ሴት በከንቱ አምቻታለሁ አሉ። ፊታቸው ሲጨልም አየሁ። ከዚያ ሽሮ አዝዘው አበሉኝ፤ ቁርሱንም አብሬ በላሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ቢቸና ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሄኖክ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት ገባ፤ ሁለታችንም አንድ ስክሪን እናያለን። ያየሁትን ነገርኩት፤ ከሞጣ ሲደወል ብቻ ነው፣ ድምፁ በሁለቱም ወገን ደህና ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። ልጁ፣ ጋሼ፣ ያለበትን ነገሩኝ እኮ አለ። ሞጣን አስደውለን መልእክቶቹ ሲያልፉ ተመለከትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጥሪ ሲደረግ ከሥር ሦስት መልእክት ይመላለሳል። ሞጣ «ልደውል ነው» ይላል። እኛ ስናነሣ ሰርቨራችን «ተነሥቷል» ይላል። ሞጣ ደግሞ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት። በየመልእክቱ አናት ላይ ሄደር የሚባሉ መስመሮች አሉ፤ ከማን፣ ወደ ማን፣ መልሱ በየት በኩል ይምጣ የሚሉ። ሰርቨራችን «ተነሥቷል» ሲል በመንገዱ ሄደር ላይ መልሱን በእኔ በኩል ላኩት ብሎ አድራሻውን ይጽፋል። የሚጽፈው ግን የግቢ ውስጥ አድራሻውን ነበር፤ በአንድ መቶ ዘጠና ሁለት የሚጀምረውን።

ለአቶ ስሜነህ ያስረዳኋቸው በእኛው አገር አድራሻ ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ከአያ ተሰማ አጥር ጎን ብትሉ ቢቸና ውስጥ የጠየቃችሁት ሁሉ ይመራችኋል። ይህንኑ ጽፋችሁ ሞጣ ለሚኖር ሰው ብትሰጡት እሱ ሞጣ ካለ መድኃኒት ቤት ጀርባ ሄዶ የአያ ተሰማን አጥር ሲፈልግ ይውላል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በኪራይ መስመር አንድ ግቢ በነበሩ ጊዜ አድራሻው ትክክል ነበር። መስመሩ ሲለወጥ ሰርቨሩን አድራሻህ ተለውጧል ያለው የለም። የሞጣ «ደርሶኛል» እዚያው ሞጣ ሲንከራተት ይቀራል። ሰርቨራችን ተነሥቷል፣ ተነሥቷል እያለ ግማሽ ደቂቃ ይጮሃል፤ መልስ ሲያጣ ሰው የለም ብሎ ይዘጋል። ከእኛ ወደ ሞጣ ሲደወል ደርሶኛል ባዮቹ እኛው ስለሆንን መልእክቱ ይደርሳል፤ ስለዚህ አይቋረጥም።

ሄኖክ፣ ራውተሩን ስለውጥ ይህን መስመር አብሬ መለወጥ ነበረብኝ አለ። እንዲህ በቀላሉ የሚናገር ልጅ እወዳለሁ። ሥራው ራሱ ቀላል ነበር። የሰርቨሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብተን በአንድ መስመር የውጭ አድራሻውን፣ በሌላ መስመር የግቢ ውስጥ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ጻፍን። መዝግበን አገልግሎቱን አጥፍተን አበራነው። የየጠረጴዛው ስልክ መብራት ጠፋ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሶ በራ።

ሄኖክ፣ ጋሼ እንፈትሸው አለ። ሃሎ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ይህን የምፈትሸው እኔ አይደለሁም አልኩት።

ሞጣዎች እንዲደውሉ ነገርን። የሻረግ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እኔና አቶ ስሜነህ ከኋላዋ ቆምን። ድምፁን ወደ ውጭ አወጣችው። ጠራ፤ አነሣች። ጋሽ ምንይችል ጀመሩ። እንዴት ሰነበትሽ። ጤናሽ እንዴት ነው። ልጆች ደህና ናቸው። ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ። የወንበሯን መደገፊያ ጨብጬ ይዣለሁ። ከብቱ ደህና ነው?

«ይመስገን፣ ደህና ነው» አለች የሻረግ፣ የሌላትን ከብት።

አልተቋረጠም። አዝመራው እንዴት ነው ተባለ፤ ይመስገን ተባለ። ዝናሙ እንዴት ያዘላችሁ ተባለ፤ ይመስገን። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ምንም የለም።  አቶ ስሜነህ ወደ እኔ ዞሩ። የሻረግ ሃሎ አለች፤ እንደገና ሃሎ አለች።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ ጋሽ ምንይችል። «ከዚህ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጠፍቶኝ ነው። ከተቀያየምን ወዲህ እዚህ ደርሼ አላውቅማ።»

የሻረግ ሳቀች። ሳቋ እንባ ሆነ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ መልሳ ሳቀች። ጋሽ ምንይችል እስክትጨርስ ጠበቁና፣ እንግዲያውስ ይቅር በዪኝ አሉ። እግዜር ይቅር ይበለን አለች። መስመሩ ይህንንም ተሸክሞ አደረሰው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዓይኔ ውስጥ የገባው አቧራ አይደለም፣ ደስታ ነው።

አቶ ስሜነህ ጠረጴዛው ፊት የተለጠፈውን ወረቀት ልጠው ጨመደዱትና ኪሳቸው ከተቱት። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ግን እንደ ወትሮው በጥድፊያ ደረጃውን አልወጡም። የሻረግ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። እንዴት ሰነበትሽ ብለው ጀምረው፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን ጠይቀው ከብቱ ድረስ ሄዱ። እሷም ተቀምጣ ሳይሆን ተነሥታ መለሰች።

ጋሽ ገሠሠ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሕጋቸው ለሽቦ ዘመን ትክክል ነበር። ሽቦ ወይ ተበጥሷል ወይ አልተበጠሰም፤ አንድ ሃሎ ይበቃዋል። የዛሬው ስልክ ሃሎውን አድርሶ ጉዳዩን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ወጣት ቴክኒሺያኖች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው። መስመር ስትፈትሹ ባለቤቶቹ በሚያወሩት ልክ አውሩበት። ከብቱን ሳትጠይቁ አትዝጉ።